በአፍንጫ በኩል የሚደረግ የራስ ቅል ወለል ቀዶ ሕክምና

በአፍንጫ በኩል የሚደረግ የራስ ቅል ወለል ቀዶ ሕክምና፣ ራስ ቅል ከላይ ሳይከፈት ኢንዶስኮፕ የተባለ ቀጭን መሣሪያ በአፍንጫ ቀዳዳ አስገብቶ ከአንጎል ሥር የበቀለን ዕጢ የማውጣት ዘዴ ነው። የራስ ቅል ወለል የሚባለው አንጎል ያረፈበት አጥንት ነው። በዚህ መንገድ ከሚወጡት ዕጢዎች ብዙዎቹ ፒቱታሪ ከተባለው ሆርሞን አመንጪ አካል የሚነሡ ናቸው። አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፤ ነገር ግን ሲያድጉ የማየት ነርቮችን ተጭነው ለዓይነ ስውርነት ሊዳርጉ ይችላሉ።

አቀማመጥ

ፒቱታሪ የአተር ፍሬ ያህል ሲሆን ከአፍንጫ በስተኋላ፣ ኮርቻ በሚመስል የአጥንት ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል። ከበላዩ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ይገናኛሉ፤ በግራና በቀኙ ካሮቲድ የተባሉት ትላልቅ የደም ቧንቧዎች ያልፋሉ፤ ከሥሩ ስፌኖይድ የተባለ አየር የያዘ ክፍተት አለ። ከላይ የሚገባ ሐኪም አንጎልንና ነርቮቹን አልፎ ወደ ዕጢው ይደርሳል። ከታች በአፍንጫ የሚገባ ግን ነርቮቹን ሳይነካ በመጀመሪያ የሚያገኘው ዕጢውን ነው።

አሠራር

ሕመምተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ የአፍንጫ ሐኪምና የነርቭ ቀዶ ሐኪም አብረው ይሠራሉ። 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኢንዶስኮፕ ብርሃንና ካሜራ ስላለው ውስጡን በስክሪን ያሳያል። ሐኪሞቹ የስፌኖይድን ግድግዳ ከፍተው፣ የኮርቻውን ወለል በትንሽ መሰርሰሪያ አሳስተው፣ ዕጢውን ቁርጥራጭ እያደረጉ ያወጣሉ። በመጨረሻ ቀዳዳው ይደፈናል። በፊት ላይ የሚታይ ጠባሳ አይቀርም።

ታሪክ

ኦስትሪያዊው ሄርማን ሽሎፈር እ.ኤ.አ. በ1907 የፒቱታሪ ዕጢን በአፍንጫ በኩል አወጣ። አሜሪካዊው ሃርቪ ኩሺንግ ዘዴውን ለዓመታት ከሠራበት በኋላ ተወው፤ ብዙዎችም ተከተሉት። በ1960ዎቹ የካናዳው ጁል ሃርዲ ማይክሮስኮፕ በመጠቀም መልሶ አስፋፋው። በ1990ዎቹ ኢንዶስኮፕ የማይክሮስኮፕን ቦታ መውሰድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 የአርጀንቲና ሐኪሞች ከአፍንጫ ግድግዳ ከነደም ሥሩ በተገለበጠ ሥጋ ቀዳዳውን የመድፈን ስልት አሳተሙ፤ ይህም የፈሳሽ መፍሰስን በእጅጉ ቀነሰ።

ምልክቶችና ምርመራ

ዕጢው ነርቮቹን ከታች ሲጫን በመጀመሪያ የሚጠፋው የጎንና የጎን እይታ ነው። ሕመምተኛው ፊት ለፊት እያየ ከበር መቃን ጋር ይጋጫል፤ ከጎን የሚመጣን ባጃጅ አያይም። ራስ ምታት፣ የወር አበባ መቋረጥ፣ ያለ ወሊድ የጡት ወተት መምጣት፣ የእጅ፣ የእግርና የመንጋጋ መተለቅም ይታያሉ።

የጎን እይታን ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም። መርማሪው ከሕመምተኛው ፊት ይቀመጣል፤ ሕመምተኛው አንድ ዓይኑን ሸፍኖ በሌላው የመርማሪውን ዓይን ያያል፤ መርማሪው ጣቱን ከጎን ወደ መሐል እያመጣ መቼ እንደታየው ይጠይቃል። ጉድለት ከተገኘ የደም ሆርሞን ምርመራና ኤም አር አይ ይከተላሉ። ፕሮላክቲን የሚያመነጩ ዕጢዎች አብዛኛውን ጊዜ በእንክብል ስለሚቀንሱ ቀዶ ሕክምና አያሻቸውም።

ጉዳቶችና ክትትል

ዋናው ስጋት የአንጎል ፈሳሽ በአፍንጫ መፍሰስ ነው። ጎንበስ ሲሉ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከተንጠባጠበ ማጅራት ገትር ሊከተል ስለሚችል ሕመምተኛው በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። የደም ቧንቧ መጎዳት አልፎ አልፎ የሚደርስ ቢሆንም ለሕይወት ያሰጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለሳምንታት አፍንጫን በኃይል መናፈጥና ከባድ ዕቃ ማንሳት ይከለከላል። ፒቱታሪ ከደከመ ሆርሞን ተኪ መድኃኒት ዕድሜ ልክ ሊወሰድ ይችላል፤ በተለይ ሃይድሮኮርቲዞንን በድንገት ማቋረጥ ሊገድል ይችላል።

በኢትዮጵያና በኢሉባቦር

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የኢሉባቦር ዞን ዋና ከተማ መቱ ከአዲስ አበባ በመኪና 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከጎሬ፣ ከሁሩሙ ወይም ከያዮ የሚመጣ ሕመምተኛ በአካባቢው ከሚያገኛቸው የሕክምና ተቋማት አንዱ መቱ ካርል ሆስፒታል ነው። ለበለጠ ምርመራ በበደሌ በኩል ወደ ጅማ፣ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይኖርበታል። ይህ ርቀት በሕክምናው ውጤት ላይ ለውጥ ያመጣል፤ ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከተጫነ ዕጢው ቢወጣም እይታ ላይመለስ ይችላልና። በጣም ያደገና ወደ ጎን የተስፋፋ ዕጢ ደግሞ በአፍንጫ በኩል ብቻ ላይወጣና ራስ ቅልን መክፈት ሊጠይቅ ይችላል። መነጽር ተቀይሮለት እይታው ያልተሻሻለ ሰው በጤና ጣቢያ የጎን እይታው በጣት ቢፈተሽ፣ ወደ ጅማ የሚላክበት ጊዜ በወራት ሊያጥር ይችላል።