የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ፦ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

በሰሜን ምዕራብ አማን፣ በስዌይለህ፣ በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ ኢትዮጵያዊት የጥርስ ሕመም የፈቃድ ጥያቄም ጭምር ነው፤ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አሠሪዋን ማስረዳት ይኖርባታል። አገሬው የመጨረሻውን መንጋጋ ጥርስ «ዲርስ አል ዓቅል»፣ የአእምሮ ጥርስ፣ ይለዋልና ቃሉን መያዝ ይጠቅማል። ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበቅላል፤ ብዙዎች ለሥራ ከአገር የሚወጡትም በዚሁ ዕድሜ ነው።

ስላመመ ብቻ ይነቀል አይባልም። በከፊል በወጣው ጥርስ ላይ የተደረበው ድድ ምግብ ሲይዝ ያብጣል። ቀላልና የመጀመሪያ ከሆነ ሐኪም አጥቦት፣ ታማሚዋም ለብ ባለ ጨዋማ ውኃ ተጉመጥምጣ ሊበርድ ይችላል። እብጠቱ ሲመላለስ ወይም እርሱ አለዚያም አጠገቡ ያለው ጥርስ ሲቦረቦር ግን ማቆየቱ ይጎዳል።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሕመም የሌለበትን፣ ድድ ውስጥ የቀረ መንጋጋ ጥርስ ለጥንቃቄ ብቻ መንቀል እንዲቀር ተመክሯል። መንቀልም የራሱ አደጋ አለው፤ የታችኛው ጥርስ ሥር ለከንፈር ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ቅርበቱን የሚያሳየው ራጅ ነው፤ ሳይነሡ «ዛሬውኑ ነቅዬ ልገላገል» ማለት ችኮላ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ሕክምና እንዲያቀርብ ያዛል። ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ገደማ ከመቀነስ ይልቅ ከበረታ ወደ ሐኪሙ መመለስ ያስፈልጋል። አፍ መክፈት ካቃተ ወይም መዋጥ ካስቸገረ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል።