የጎደለ ወንበር

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ የገና ዕለት። በዋዜማው ሰሜን ቨርጂኒያ በረዶ ጥሎባት ነበር። ሌሊቱን በቅዳሴ ያሳለፈ ሰው ነጠላውን ከካፖርቱ በላይ ደርቦ፣ የመኪናውን መስታወት ፍቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ በዐይኑ ላይ የሚዞረው የጾም መፍቻው ዶሮ ወጥ ነው። በዚያው ጠዋት ግን በላውደን ካውንቲ ምርጫ ጣቢያዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በራቸውን ከፍተው መራጭ ይጠብቁ ነበር።

ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ካለፈ ገና ሁለት ወሩ ነው። ታዲያ ይሄ ደግሞ የምን ምርጫ ነው? ነገሩ እንዲህ ነው። የአካባቢውን ሰው በግዛቱ ሴኔት የወከሉት ሱሃስ ሱብራማንያም በኖቬምበር አሸንፈው ወደ ፌዴራሉ ኮንግረስ ሄዱ። ወንበራቸው ባዶ ቀረ። ለዚያ ወንበር የቀረቡት ካናን ስሪኒቫሳን የግዛቱ ታችኛው ምክር ቤት አባል ስለነበሩ የእሳቸውም ቦታ ክፍት ሊሆን ሆነ፤ ለእሱ ደግሞ ጄጄ ሲንግ ተወዳደሩ። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይከተላል። የቨርጂኒያ ምክር ቤት የዓመቱን ጉባኤ የሚጀምረው በማግስቱ ረቡዕ ነበርና ፋታ አልነበረም። ዲሞክራቶች ሴኔቱን 21 ለ19፣ ታችኛውን ምክር ቤት 51 ለ49 ነበር የያዙት። ሁለቱን ወንበሮች ቢያጡ ኖሮ በማግስቱ በሁለቱም ምክር ቤቶች እኩል ለእኩል ተፋጥጠው ይቀመጡ ነበር። የዲሞክራቶቹ ዕጩዎች ስሪኒቫሳንም ሲንግም አሸነፉ፤ ሚዛኑም ባለበት ቆየ።

እንዲህ ያለውን ምርጫ በአማርኛ የማሟያ ምርጫ እንለዋለን፤ ስሙ በኢትዮጵያ የምርጫ ሕግም ውስጥ ያለ ነው። አንድ ተመራጭ ዘመኑን ሳይጨርስ ሲሞት፣ ሥራውን ሲለቅ ወይም ወደ ሌላ ኃላፊነት ሲያልፍ የቀረውን ጊዜ የሚሞላለት ሰው የሚመረጥበት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ50ዎቹ ግዛቶች 99 የሕግ አውጪ ምክር ቤቶች አሉ፤ መቶ ያልሞሉት ነብራስካ አንድ ምክር ቤት ብቻ ስላላት ነው። በእነዚህ ቤቶች ከ7,300 በላይ ሰዎች ይቀመጣሉ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል በየዓመቱ የሚጎድል አይጠፋም።

እኛ ስደተኞች ዐይናችንን የምንጥለው ዋይት ሀውስ ላይ ነው። የልጆቻችን ትምህርት ቤት በጀት፣ የመንጃ ፈቃድ ሕግ፣ የአከራይና የተከራይ መብት፣ የኮሌጅ ክፍያ፣ የጦር መሣሪያ ግዢ፣ የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ስሙን በማናውቀው የግዛት ተመራጭ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ቨርጂኒያ ቢች አካባቢ ለአንድ የሴኔት ወንበር የማሟያ ምርጫ ተደረገ። የዲሞክራቱ አሮን ራውስ ያሸነፉት ከአንድ ሺህ ባነሰ ድምፅ ሲሆን፣ ወንበሩ ቀድሞ የሪፐብሊካን ነበር። አገረ ገዥው ግሌን ያንግኪን በዚያ ወቅት ፅንስ ማቋረጥን ከ15 ሳምንት በኋላ የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ ይፈልጉ ነበር። የራውስ መግባት ሴኔቱን ከ21 ለ19 ወደ 22 ለ18 አደረገው፤ ሕጉም ሴኔቱን ሳያልፍ ቀረ። በአንድ ጥግ ያለ ሕዝብ በክረምት የሰጠው ድምፅ ለመላው ግዛት ሆነ ማለት ነው።

ሁሉም ግዛት ግን ሕዝቡን አይጠይቅም። ግማሽ ያህሉ ክፍት ወንበር የሚሞሉት በሹመት ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ፣ ያ ሁሉ የአበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ያለበት አካባቢ፣ ሕጉ ሌላ ነው። በሜሪላንድ የግዛት ተመራጭ ሲጎድል የፓርቲው የካውንቲ ኮሚቴ ስም ያቀርባል፣ አገረ ገዥው ይሾማል። አሌክሳንድሪያ ያለው ዘመድ ለወንበሩ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሙ የተሾመውን ሰው ስም በዜና ይሰማል። ሹመት ገንዘብ ይቆጥባል፣ ወንበሩም ቶሎ ይሞላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጥቂት የኮሚቴ አባላት የመረጡት ሰው የሺዎች ተወካይ ሆኖ ሲቀመጥ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። በሜሪላንድም ይህ ይቀየር የሚሉ ድምፆች አሉ።

የኔቫዳው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይቀርበናል። በኢትዮጵያ የተወለዱት አሌክሳንደር አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2018 ከላስ ቬጋስ ለኔቫዳ ምክር ቤት ተመርጠው ነበር። በጃንዋሪ 2021 ከቦታቸው ለቀቁ። በኔቫዳ ሕግ ክፍት ወንበር የሚሞሉት የካውንቲው ኮሚሽነሮች ናቸውና ክላርክ ካውንቲ ትሬሲ ብራውን ሜይን ሾመ። መራጩ ሕዝብ ተተኪውን የሚመርጥበት ቀን አልነበረም።

የማሟያ ምርጫን ጠባይ ከሥሩ ለማየት ግን ከፔንስልቬንያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በኖቬምበር 2022 ዲሞክራቶች ከ203ቱ የታችኛው ምክር ቤት ወንበሮች 102ቱን አሸነፉ፤ አብላጫውን ሲያገኙ ከ12 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ከአሸናፊዎቹ አንዱ፣ ከ1983 ጀምሮ በምክር ቤቱ የቆዩት አንቶኒ ዴሉካ፣ ከምርጫው አንድ ወር አስቀድሞ በ85 ዓመታቸው አርፈው ነበር። ስማቸውን ከድምፅ መስጫው ላይ ለመቀየር ጊዜው አልፎ ስለነበር ከሞቱ በኋላ ተመረጡ። ሰመር ሊ በዚያው ቀን ለኮንግረስ፣ ኦስቲን ዴቪስ ደግሞ ለምክትል አገረ ገዥነት ስለተመረጡ የእነሱም ወንበር ተለቀቀ። ሦስቱም ወንበሮች በፒትስበርግ ዙሪያ ባለው በአሌጌኒ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። በወረቀት 102 የነበሩት ዲሞክራቶች በአዳራሹ 99 ሆኑ፤ ሪፐብሊካኖች 101 ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው የዚህ ምርጫ ዋና ቁልፍ የሚታየው፦ ቀኑን የሚቆርጠው ማን ነው? በፔንስልቬንያ የታችኛው ምክር ቤት ወንበር ሲጎድል አፈ ጉባኤው በ10 ቀን ውስጥ የምርጫ ማዘዣ ይጽፋል፤ ምርጫው ማዘዣው ከወጣ ቢያንስ 60 ቀን ቆይቶ ይካሄዳል። በዚያን ጊዜ ግን አፈ ጉባኤ ገና አልተመረጠም፣ ሁለቱም ወገን ደግሞ «አብላጫው እኔ ነኝ» አለ። የዲሞክራቶቹ መሪ ጆአና መክሊንተን ለሦስቱም ወንበሮች ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023ን ቆረጡ። የሪፐብሊካኑ ብራያን ከትለር የዴሉካን በዚያው ቀን ተቀብለው የሁለቱን ወደ ሜይ ሊገፉት ፈለጉ። ሦስት ወር በፖለቲካ ብዙ ነው፤ አብላጫው የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሕግም ሹመትም ይንጠለጠላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ምርጫውም በፌብሩዋሪ ተካሄደ፤ ዲሞክራቶች ሦስቱንም መለሱ። በዚያው ወር መጨረሻ መክሊንተን አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ በፔንስልቬንያ ታሪክ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

ከሦስቱ አንዱ፣ የኦስቲን ዴቪስ የነበረው 35ኛው የምርጫ ክልል፣ የብረት ፋብሪካ ታሪኳ የገነነውን ማኪስፖርትን የሚያቅፍ ነው። ወንበሩን የያዙት ማት ገርገሊ ነበሩ። በ2024ም ዲሞክራቶች በትክክል 102 ለ101 አሸነፉ። ነገር ግን በፈረንጆች ገና ሰሞን ገርገሊ በድንገት ታመሙ። ምክር ቤቱ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ዕለት፣ ያው የእኛ ገና በዋለበት ጃንዋሪ 7 ቀን 2025፣ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አዳራሹ ውስጥ 101 ከዚህ፣ 101 ከዚያ። ጃንዋሪ 19 ቀን በ45 ዓመታቸው አረፉ። ማኪስፖርት በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ፣ የምክር ቤቱን አብላጫ የሚወስን የማሟያ ምርጫ ሊያካሂድ ሆነ። ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ቤተሰብ የዚህን ክብደት አስባለሁ፤ ገና እንባው ሳይደርቅ በየግድግዳው የተተኪው ስም ይለጠፋል። ምርጫው ማርች 25 ቀን ተደርጎ የከተማው ፖሊስ ባልደረባ የነበሩት ዳን ጎክኑር አሸነፉ፤ 102 ለ101ም ተመለሰ።

በዚያው ማርች 25 በላንካስተር ካውንቲም አንድ የሴኔት ወንበር ክፍት ነበር። የሴኔቱን ማዘዣ የሚጽፈው ምክትል አገረ ገዥው ነው፤ ማለትም ከሁለት ዓመት በፊት የራሳቸው ወንበር በዚሁ መንገድ የተሞላው ኦስቲን ዴቪስ። ክልሉ ትራምፕ ከጥቂት ወራት በፊት በ15 ነጥብ ልዩነት ያሸነፉበት ነው፣ ዲሞክራት ያሸንፋል ብሎ የጠበቀ እምብዛም አልነበረም። የትንሿ ኢስት ፒተርስበርግ ከንቲባ ጄምስ ማሎን የካውንቲውን ኮሚሽነር ጆሽ ፓርሰንስን ከ600 ባነሰ ድምፅ በለጧቸው። ምስጢሩ የመራጩ ቁጥር ማነስ ነው። በፕሬዚዳንት ምርጫ የሚወጣው ሕዝብ እቤቱ ሲቀር፣ የወጡት ሰዎች እያንዳንዳቸው የብዙ ሰው ድምፅ ያህል ይመዝናሉ።

ቀን ስለሚቆርጠው ሰው ካነሣን ዊስኮንሲንን ማለፍ አይቻልም። በ2017 መጨረሻ ሁለት የምክር ቤት አባላት በአገረ ገዥ ስኮት ዎከር አስተዳደር ሥራ ይዘው ወንበራቸውን ለቀቁ። ዎከር የማሟያ ምርጫ አልጠራም፣ እስከ ኖቬምበር 2018 ይቆይ አሉ። በሁለቱ አካባቢዎች ያለው ሕዝብ ዓመት ሊጠጋ ያለ ተወካይ ሊከርም ነው። መራጮች ከሰሱ። ዎከር ራሳቸው የሾሟቸው ዳኛ ጆሳን ሬይኖልድስ ምርጫው ይጠራ ብለው ፈረዱ፣ በጁን 12ም ተካሄደ። የሴኔቱን ወንበር ዲሞክራቱ ኬሌብ ፍሮስትማን አሸነፉ፤ በኖቬምበር በዚያው ተቀናቃኛቸው ተሸነፉ። እኔን የሚገርመኝ ማን አሸነፈ አይደለም። ሕግ እያለ ሕዝብ ምርጫ ለማግኘት ፍርድ ቤት መቆም ነበረበት።

ሌላው የሚያሳስበኝ ዕጩ የሚወጣበት መንገድ ነው። በፔንስልቬንያ የማሟያ ምርጫ የፓርቲ ውስጥ ምርጫ የለውም፤ ዕጩውን የሚሰይሙት የፓርቲው ሰዎች ናቸው። አንድ ፓርቲ በጠነከረበት ክልል ውስጥ ደግሞ ዕጩ መሆን መመረጥ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ድምፁን ማሰማት የሚፈልግ ሰው ከምርጫው ቀን በፊት፣ ገና ስም ሲወራ፣ በአካባቢው የፓርቲ ስብሰባ ላይ መገኘት አለበት። የእኛ ሰው ዕድሩንና ቤተ ክርስቲያኑን ለመምራት እስከ ሌሊት ድረስ ይሰበሰባል፤ ያ ልምድ እዚህም ይሠራል።

ድምፅ መስጠት የሚችለው የተመዘገበ ዜጋ ነው፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ዜግነቱን ያገኘ ሰው በቨርጂኒያ የማሟያ ምርጫ ቀን ወደ ጣቢያው ቢሄድ የሚያየው ከፕሬዚዳንት ምርጫው ግርግር ፈጽሞ የተለየ ነው። ሰልፍ የለም። የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ከቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ ጥቂት ምርጫ አስፈጻሚዎች ተቀምጠዋል፣ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። በኖቬምበር ፊትና ጀርባው በስምና በጥያቄ የሚሞላው ወረቀት ዛሬ ባዶው ይበዛል፤ አንድ የወንበር ስም፣ ከሥሩ ሁለት ወይም ሦስት የሰው ስም፣ ከአጠገቡ የሚጠቆር ክብ። ለመጨረስ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ወረቀቱን ማንበቢያ ማሽኑ ይውጠዋል፣ ቁጥሩ በአንድ ከፍ ይላል፣ ደረት ላይ የሚለጠፍ ምልክት ይሰጣል።

ምሽት 1 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። ማሽኑ ውጤቱን እንደ ሱቅ ደረሰኝ በቀጭን ወረቀት ያትማል። በትልቁ ምርጫ ያ ወረቀት ረዝሞ ጠረጴዛ ላይ ይጠቀለላል። በማሟያው ምሽት ግን አጭር ነው። አስፈጻሚዎቹ ቆርጠው ይፈርሙበታል፤ ላዩ ላይ ያሉት ጥቂት መስመሮች ናቸው።