በሪያድ በረሃ የሚዋጉ የባሕር ዘበኞች

ስሊዘሪን «ዶታ 2» በተባለው የኮምፒውተር ጌም ዓለም ውስጥ በባሕር ጥልቀት የሚኖር ዘር ነው። ከወገብ በላይ ሰው ይመስላል፤ ከወገብ በታች እንደ እባብ ይጥመለመላል። ሥራው ዘበኝነት ነው፤ ውኃ የዋጣቸውን ከተሞችና እዚያ የተቀበረውን ሀብት ይጠብቃል። ከውጊያ በፊት የሚምለው መሐላም ጥብቅ ነው፤ ግዳጁን ያልተወጣ ዘበኛ ይባረራል፣ ከዚያ ወዲያ ስሊዘሪን አይባልም። ዘር እንደ ሹመት የሚገፈፍበት ሕግ በጌም ጭራቆች ዘንድ እምብዛም አይገኝም።

እነዚህ የባሕር ፍጡራን ለብዙ ገንዘብ ከሚዋጉባቸው ከተሞች አንዷ ባሕር የማታይ ናት። ሪያድ ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። «ሪያድ ማስተርስ» የተባለው የዶታ 2 ውድድር እ.ኤ.አ. በ2022 ተጀመረ፤ በ2023 ሽልማቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ «ቲም ስፒሪት» አሸነፈ፤ በ2024 ደግሞ እዚያው ሪያድ የተካሄደው የመጀመሪያው የኢስፖርትስ ዓለም ዋንጫ አካል ሆነ። ውጭ የሐምሌ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በቀዘቀዘው አዳራሽ አምስት አምስት ተጫዋቾች ጀግኖቻቸውን መርጠው የተጋጣሚን ዋና ምሽግ ለማፍረስ ይፋለማሉ።

የዘሩ አመጣጥ ከዶታ 2 ይቀድማል። ዶታ መጀመሪያ የብሊዛርድ ኩባንያ ባወጣው «ዎርክራፍት 3» ላይ ተጫዋቾች ራሳቸው የሠሩት ካርታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዚሁ ጌም ተከታይ ክፍል ናጋ የሚባሉ የባሕር ፍጡራን ስለነበሩት፣ የካርታው ሠሪዎች መልካቸውን ተዋሱ። ቫልቭ ኩባንያ ዶታ 2ን በ2013 ሲያወጣ ግን የብሊዛርድን ታሪክ ይዞ መሄድ አይችልምና ስሊዘሪን ለሚለው ስም አዲስ ታሪክ ፈጠረ። ናጋ የሚለው ቃል በአንዲት ጀግና ስም ላይ ቀርቷል፤ በሳንስክሪት እባብ ማለት ነውና ባለቤት የለውም።

ይህቺ ጀግና ናጋ ሳይረን ናት፤ የጥንት ስሟ ስሊዚስ። መቶ ዘበኞች ትመራ ነበር። ሌቪያንት የሚባሉ ወራሪዎች ለአምላካቸው ግብር ፍለጋ ሲመጡ ከሠራዊቷ የተረፉት ጥቂቶች ነበሩ። ሬሳው ተነሥቶ ሀብቱ ሲቆጠር አንድ ባለ ዕንቁ ጽዋ ጎደለ። የሞቱትን ማንም አልቆጠረላትም፤ በጽዋው ተባረረች፣ እሱን ሳታመጣም አትመለስም። የወራሪዎቹ ስም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሙሉ ቅጂው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ሌዋታን የተባለች እንስት አውሬ በባሕር ጥልቀት እንደምትኖር ይናገራል፤ ስሙ ከዚያው ግንድ ነው።

በጨዋታው መሣሪያዋ ድምፅዋ ነው። ዘፈኗን ስትጀምር በዙሪያዋ ያሉ ተጋጣሚዎች ለጥቂት ሰከንድ ያንቀላፋሉ፤ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ግን ሊጎዱ አይችሉም። ስለዚህ ዘፈኑ የሚያገለግለው ወይ ለማምለጥ፣ ወይ ባልደረቦቿ ከተኙት ጎን ቆመው እስኪነቁ እንዲጠብቁ ነው። ተመልካች ትንፋሹን የሚውጠው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ጀግና ስላርዳር በአንጻሩ መሐላውን ያልጣሰ ዘበኛ ነው። በጨለማ ውስጥ የሚያበራ ማጥመጃ ይዞ ይዞራል፤ ወዳጅ መስሎት ወደ ብርሃኑ የቀረበ ሌባ አይመለስም። የጌሙን ካርታ አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ስላለ፣ ስላርዳር እዚያ ሲገባ ከየብሱ ይልቅ ያይላል።

ሦስተኛው፣ ስላርክ፣ ከሕጉ ወዲያ ማዶ የሚገኝ ነው። ዳርክ ሪፍ የባሕር ወንጀለኞች የሚታጎሩበት የሰመጠ እስር ቤት ሲሆን፣ ከእስረኞቹ መካከል ስሊዘሪኖችም አሉ። አሥራ ሁለት እስረኞች ለማምለጥ ሲዶልቱ ስላርክ ምስጢሩን ደርሶበት ተቀላቀለ። አሥሩ በሙከራው ሞቱ፣ ሁለቱ ተይዘው ተገደሉ፤ አሥራ ሦስተኛው በግርግሩ ሾልኮ ወጣ። በጨዋታውም ጠባዩ ያው ነው፦ ተጋጣሚ እስካላየው ድረስ ቁስሉ ቶሎ ይሽራል።