ሰርቨሩ እየሠራ ግንኙነቱ ለምን ይቋረጣል? የሪሞት ዴስክቶፕ የፈቃድ ችግርና መፍትሔው

ከቤታቸው ወይም ከሌላ አገር ሆነው በሪሞት ዴስክቶፕ የመሥሪያ ቤታቸውን ሰርቨር የሚጠቀሙ ሠራተኞች አንድ ቀን ጠዋት ሳይታሰብ ከሥራ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፤ ሰርቨሩም በርቷል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት ግን ፈቃድ የሚሰጥ ሰርቨር ባለመገኘቱ ግንኙነቱ መቋረጡን ይገልጻል። የደመወዝ መዝገቡም ሆነ የደንበኞች ሒሳብ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ መግቢያው ግን ተዘግቷል።

በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨር አሠራር ተጠቃሚን ማስተናገድና ፈቃድ መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንደኛውን አስተናጋጁ ሰርቨር፣ ሁለተኛውን ላይሰንስ ሰርቨር ያከናውናል። ሁለቱም በአንድ ማሽን ላይ ሊጫኑ ይችላሉ። ለአስተዳደር ሥራ ብቻ በአንድ ጊዜ ሁለት ግንኙነት ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ይፈቀዳል። ከዚያ ባለፈ ግን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም መሣሪያ በገንዘብ የሚገዛ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የ120 ቀኑ የእፎይታ ጊዜ ነው። የአስተናጋጅነት አገልግሎቱ ከተጫነ በኋላ ላይሰንስ ሰርቨር ባይኖርም ሁሉም ነገር ለአራት ወራት ያህል ይሠራል። ጃንዋሪ 1 የተጫነ ሰርቨር ሜይ 1 ገደማ ተጠቃሚዎችን መመለስ ይጀምራል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የኮምፒውተር ባለሙያው ትናንት የተቀየረ ነገር ይፈልጋል፤ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ ኬብሎችን ይፈትሻል። ጉድለቱ የተፈጠረው ግን ሰርቨሩ በተጫነበት ቀን ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ሰርቨሩ መግባት ነው። የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ያለው ሰው የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራሙን በአድሚን ትእዛዝ ቢከፍት ያለ ተጠቃሚ ፈቃድ ሊገባ ይችላል። ቀጥሎ በሰርቨሩ ውስጥ የሚገኘውን የላይሰንስ መመርመሪያ መሣሪያ መክፈት ይገባል። ይህ መሣሪያ የፈቃዱ ዓይነት መወሰኑን፣ ላይሰንስ ሰርቨሩ መገኘቱንና የቀረውን የፈቃድ ብዛት ያሳያል።

ከዚያ በኋላ የሚጣሩት ነጥቦች ብዙ አይደሉም። በመጀመሪያ፣ ላይሰንስ ሰርቨሩ በማይክሮሶፍት ዘንድ መመዝገቡና ስሙ በአስተናጋጁ ላይ መሞላቱ ይታያል። ሁለተኛ፣ የተገዛው ፈቃድ በተጠቃሚ ሆኖ ሳለ አስተናጋጁ በመሣሪያ ተብሎ ከተዋቀረ ሁለቱ አይገናኙም። በተጠቃሚ የሚሰጠው ፈቃድ አክቲቭ ዳይሬክተሪን ይፈልጋል፤ ያለ ዶሜን በሚሠራ የ2019 ሰርቨር ላይ ከተመረጠ ግንኙነቱ በ60 ደቂቃ እንደሚቋረጥ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ለ2016 የተገዛ ፈቃድ ለ2019 አስተናጋጅ አያገለግልም፤ አዲሱ ግን ለአሮጌው ያገለግላል። አራተኛ፣ በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያለው ፋየርዎል ፖርት 135ንና ከ49152 እስከ 65535 ያሉትን ፖርቶች አለመዝጋቱ ይረጋገጣል።

ሌሎች እየገቡ አንድ ኮምፒውተር ብቻ የሚከለከል ከሆነ ችግሩ ያለው በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሊሆን ይችላል። በሬጂስትሪው ውስጥ የተቀመጠው አሮጌ የፈቃድ መረጃ ቅጂው ከተያዘ በኋላ ይሰረዛል፤ ከዚያም ፕሮግራሙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲከፈት አዲስ ፈቃድ ይጠይቃል። በመሣሪያ የሚሰጥ ፈቃድ ከ52 እስከ 89 ቀን ቆይቶ ካልታደሰ ወደ ጋራ ክምችቱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከሥራ የወጣ ላፕቶፕ ፈቃዱን ይዞ ለዘላለም አይቀርም።

አንዳንዶች የእፎይታ ጊዜውን ቆጣሪ ከሬጂስትሪ ሰርዘው እንደገና ከዜሮ ያስጀምሩታል። ይህ የፈቃድ ውል መጣስ ከመሆኑም በላይ ያንኑ ችግር ለሌላ ጊዜ ማሳደር ነው። ላይሰንስ ሰርቨሩን ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎ መተውም ከዚህ የባሰ አደጋ አለው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በዚሁ የፈቃድ አገልግሎት ውስጥ የተገኘን የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አውጥቷል። ቀዳዳው ያለ ይለፍ ቃል ሰርቨሩን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያስችል ሲሆን፣ የአደጋው ደረጃ ከ10 ነጥብ 9.8 ተሰጥቶት ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ጥንቃቄው ቀላል ነው። ሰርቨሩ በተጫነበት ዕለት 120ኛው ቀን የሚውልበትን ዕለት በቀን መቁጠሪያ ላይ መጻፍ፣ የፈቃዱን ዓይነትና ብዛት መመዝገብ፣ ቀኑም ከመድረሱ በፊት መመርመሪያ መሣሪያውን አንድ ጊዜ መክፈት ይበቃል። ሰርቨሩን የጫነው ባለሙያ መሥሪያ ቤቱን ቢለቅ እንኳ የሚተካው ሰው መዝገቡን ያገኛል፤ ከሩቅ የሚሠሩትም ጠዋት በሩ ተዘግቶ አይጠብቃቸውም።