ከብርሃን የሚመገቡ ተሕዋስያን

በሃላሌም ሆነ በሌላው የወላይታ አጥቢያ ቆጮ በጉድጓድ ውስጥ ሲቦካ ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ልዩ ልዩ ተሕዋስያን በኅብረት ነው። የሚመገቡት ግን እንሰቱ አስቀድሞ በፀሐይ ብርሃን ያከማቸውን ስታርች ነው። በአንጻሩ ራሳቸው ከብርሃን ምግብ የሚሠሩም አሉ። ከሻላ ሐይቅ በስተደቡብ ያለውን የጪቱን ሐይቅ አረንጓዴ ያደረገው ስፒሩሊና ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ደርቆ ሲመዘን ከግማሽ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው፤ የፍላሚንጎ አዕዋፍም ከውሃው እያጠለሉ ይመገቡታል።

ተመራማሪዎች ሁለቱን ወገኖች በአንድ ገንዳ ለማኖር ይጥራሉ። ከብርሃን የሚኖር አንድ ዓይነት ተሕዋስ ውሃው ጨው ሲበዛበት ራሱን ለመጠበቅ ስኳር ይሠራል። ስኳሩን ወደ ውጭ የሚያሳልፍ ዘረመል ሲጨመርለት፣ ጎረቤቱ ባክቴሪያ ያንኑ ተመግቦ ለፕላስቲክ ምትክ የሚሆን ንጥረ ነገር ያመርታል። ኅብረቱ ግን፣ በሰው ማኅበርም እንደሚያጋጥመው፣ በቀላሉ ይፈርሳል፤ አንዱ የሚለቀው ኦክስጅን ሌላውን ይጎዳል፤ ያልተጠራ ተሕዋስም ገብቶ ስኳሩን ይበላል። ስለዚህ ይህ ዘዴ ገና የቤተ ሙከራ ጉዳይ ነው፤ ለአጥቢያ ሥራ ይሁን አንልም።

የስፒሩሊና ገንዳ ግን ሊታሰብ ይችላል። ሐሳቡ ሲቀርብላችሁ ዘሩ ከየት እንደ መጣ፣ ምርቱንም ማን እንደሚመረምር አስቀድማችሁ ጠይቁ። አረንጓዴ ውሃ ሁሉ ስፒሩሊና አይደለምና። በቆቃ ሐይቅ የሚበቅለው ማይክሮሲስቲስ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ውሃውን በማፍላት አይጠፋም።