የጥርኝ ከረጢት

ጥርኝ በካፋ ዞን ደኖችና በጎጀብ ወንዝ ተፋሰስ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖር፣ ቀን ተሸሽጎ ውሎ ሌሊት ብቻውን የሚዞር አጥቢ እንስሳ ሲሆን፣ ስሙ ከአገር አልፎ የታወቀው በጅራቱ ሥር በሚያመነጨው ዝባድ ነው። ብዙ ሰው የድመት ወገን አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የአካሉ አሠራር ግን ይህን አይደግፍም። ድመት 30 ጥርስ ሲኖራት ጥርኝ 40 አለው፤ የድመት የኋላ እግር አራት ጣት ብቻ ሲይዝ የጥርኝ አራቱም እግሮች አምስት አምስት ጣት አላቸው፤ ጥፍሮቹም እንደ ድመት ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አይሰበሰቡም። በዚህም ምክንያት የሥነ እንስሳት ሊቃውንት ቪቨሪዳይ በተባለው ቤተሰብ ውስጥ፣ በዘሩ ሌላ አቻ ዝርያ የሌለው አድርገው መድበውታል።

ያደገ ጥርኝ ከ7 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ግራጫማ ጠጉሩ በጥቁር ነጠብጣብና ዝንጉርጉር መስመር የተሞላ ነው፤ ዓይኖቹንም እንደ ጭምብል ያለ ጥቁር ቀለም ይሸፍናቸዋል። ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ በጀርባው ላይ የተዘረጋው ረጅም ጠጉር እንስሳው ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በዚህ ጊዜ ጥርኙ ከእውነተኛ መጠኑ ይበልጥ ገዝፎ ይታያል።

ዝባድ የሚገኝበት ዕጢ በፊንጢጣውና በብልቱ መካከል የሚገኝ፣ ሁለት ከንፈር መሳይ እጥፋት ያለው ከረጢት ነው። ወንዱም ሴቷም ይህ ዕጢ አላቸው፤ የወንዱ ግን ይተልቃል። በከረጢቱ ውስጥ የሚጠራቀመው ቅባት ትኩስ ሳለ ቢጫማና ለስላሳ፣ ቅቤ የሚመስል ሲሆን፣ አየር ሲነካው እየጠቆረ ይደርቃል። ጥርኙ በሚመላለስበት መንገድ ዳር ጀርባውን ወደ ዛፍ ግንድ ወይም ወደ ድንጋይ አዙሮ ከረጢቱን ይጫናል፤ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይል ግንዱ ላይ የሚቀረውና ለወራት የማይጠፋው ቡናማ እድፍ፣ ለሌሎች ጥርኞች የቦታውን ባለቤት የሚያሳውቅ መልእክት ነው። ሰው በወርቅ ሲመዝነው የኖረው ሽቶ በእንስሳው ዘንድ ከድንበር ምልክት ያለፈ ነገር አይደለም።

የፈረንጆቹ «ሲቬት» የሚለው ስም ራሱ በጣሊያንኛ በኩል ዞሮ ከዐረብኛው «ዘባድ» የመጣ በመሆኑ፣ ከአማርኛው ዝባድ ጋር ሥሩ አንድ ነው። የካፋ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1897 ነጻነቱን ከማጣቱ በፊት ቦንጋን ከሰሜን ገበያዎች ጋር ያገናኙ የነበሩ ነጋዴዎች ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ዝባድ ይጭኑ ነበር፤ ዝባዱም በከብት ቀንድ ታሽጎ ይጓዝ ነበር። ያልተበረዘ ዝባድ ለአፍንጫ የሚከብድ፣ እንዲያውም የሚያስጠላ ሽታ አለው፤ በብዙ አልኮል ሲቀጥን ግን ጣፋጭ መዓዛ ይሆናል፤ በፍጥነት የሚተኑ የአበባ ሽታዎችንም ይዞ ያቆያል። የዚህን ሽታ ምስጢር የፈታው ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ዋናው የሽታ ንጥረ ነገር ሲቬቶን 17 የካርቦን አቶሞች በቀለበት የተያያዙበት ውህድ መሆኑን አሳየ፤ በዘመኑ የነበሩ ኬሚስቶች ይህን ያህል ሰፊ ቀለበት ጸንቶ ይቆማል ብለው አያምኑም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽቶ አምራቾች በቤተ ሙከራ የሚሠራውን ሲቬቶን መጠቀም ችለዋል።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዝባድ የሚሰበሰበው በጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ከሚያዙ ወንዶች ነው። በየተወሰነ ቀን አንዱ ሰው ጅራቱን፣ ሌላው የኋላ እግሮቹን ይይዝና ሦስተኛው ከረጢቱን ገልብጦ ቅባቱን በማንኪያ ይቀዳዋል። ጥርኝ በጎጆ ውስጥ በቀላሉ ስለማይራባ፣ የሞተውን የሚተካው ከደን በወጥመድ የሚያዝ ሌላ ወንድ ነው፤ ሥራው እርባታ ተብሎ ቢጠራም ከአደን ብዙ የራቀ አይደለም።

ለካፋ ደን ትርጉም ያለው ግን ጥርኙ በነጻነት ሲዞር የሚያደርገው ነው። አይጥ፣ እንቁራሪት፣ እባብና ጥንብ ይበላል፤ ብዙ አዳኞች መርዙን ፈርተው የሚሸሹትን ሺ እግርም ይቆረጥማል፤ የዋንዛና የሾላ ፍሬ ሲበስል ደግሞ ፍሬውን ከመሬት ይለቅማል። ኩሱን የሚጥለው በየሄደበት ሳይሆን ተመላልሶ በሚጠቀምበት አንድ ቦታ ስለሆነ፣ በዚያ ስፍራ የሺ እግር ቅርፊት ቁርጥራጭ፣ የአይጥ ጠጉርና በሆድ ዕቃው ውስጥ አልፎ ሥጋው ብቻ የተፈጨ፣ ከእናት ዛፉ ርቆ የተጣለ የዋንዛ ዘር በአንድነት ተከምሮ ይገኛል።