«ማስተባበር»፣ «ማቀናጀት»፣ «ማናበብ»፦ ስለ አንድ የሕንፃ ንድፍ ቃል አመራረጥ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጐመ አንድ የግንባታ ሥራ ዝርዝር መግለጫ ለእርማት ቀርቦልን ሳለ የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር አገኘንበት፦ «ሁሉም ሥራዎች ከኮንክሪት ሙሌት በፊት መስተባበር አለባቸው።» ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም። ይሁን እንጂ የሥራ መሪው አናጢውን፣ የፌሮ ሠራተኛውን፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን በአንድ ቀን ጠርቶ በአንድነት ቢያሰማራቸው የታዘዘውን ፈጽሟልና ማንም ሊወቅሰው አይችልም፤ «ማስተባበር» በአማርኛችን ሰዎችን ለአንድ ዓላማ ማሰለፍ ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ «ኮኦርዲኔሽን» ያለው ግን ሌላ ነገር ነበር። ይኸውም የሕንፃው ተሸካሚ አካል፣ የንጹሕ ውሃውና የፍሳሹ ቱቦ፣ የአየር መተላለፊያውና የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ እያንዳንዳቸው በየባለሙያቸው ከተነደፉ በኋላ ንድፎቻቸው አንዱ በሌላው ላይ ተነባብረው እንዲታዩና የሚጋጩበት ቦታ ሁሉ በወረቀት ላይ ሳለ እንዲቃና ነው።

የዚህ ዐይነቱ የቃል ስሕተት በወረቀት ላይ አይቀርም። ኮንክሪት መጨመቅን በሚገባ ይችላል፤ መጐተትን ግን እምብዛም አይችልም። ስለዚህ በሁለት ኮለኖች ላይ ባረፈ ቢም ውስጥ፣ በመካከሉ በታችኛው ወገን፣ በተከታታይ ቢሞች ደግሞ በኮለኑ አጠገብ በላይኛው ወገን፣ የሚጐተተውን ክፍል የሚይዘው ፌሮው ነው። በኮለኑ አጠገብ በተለይ ቢሙን የሚሸልተው ኀይል ስለሚበረታ ስታፋዎቹ ተቀራርበው ይታሰራሉ። ቱቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ አስቀድሞ ከታወቀ መሐንዲሱ ኀይሉ በሚቀንስበት ቦታ፣ በቢሙ ቁመት አጋማሽ አካባቢ፣ ያኖረዋል፤ ዙሪያውንም ተጨማሪ ፌሮ ያስርበታል። ካልታወቀ ግን የቧንቧ ሠራተኛው ሙሌቱ ከደረቀ በኋላ መብሻውን ይዞ ይመጣል። እርሱ የሚመርጠው ለቱቦው የሚቀርበውን ቦታ እንጂ ለቢሙ የሚስማማውን አይደለም፤ ያም ቦታ ብዙ ጊዜ ከኮለኑ ጥግ ነው።

ቱቦው ለምን አይዞርም የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አንዳንዱ ይዞራል፤ አንዳንዱ አይዞርም፤ የቃሉም ምርጫ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። የፍሳሽ ቱቦ የሚሠራው በቁልቁለት ነው። በ10 ሜትር ርቀት በመቶ 2 ቁልቁለት ያለው ቱቦ በመጨረሻው ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱ ግድ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ክፍተት 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግማሹ በዚህ ዝቅታ ብቻ ያልቃል። ቱቦው ቢም ሲያጋጥመው ወደ ላይ ወጥቶ ሊወርድ አይችልም። የአየር መተላለፊያው ቁልቁለት አያሻውም፤ ነገር ግን ግዙፍ ነው። በግፊት የሚሄደው ንጹሕ ውሃ ወደ ላይም ወደ ታችም ይታጠፋል። የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ታዛዥ ነው። ስለዚህ በሥራው ልማድ መንገድ የሚለቀው በአብዛኛው ታዛዡ ነው፦ መስመሩ ለቱቦው፣ የግፊቱ ቱቦ ለአየሩ፣ አየሩ ለፍሳሹ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚሸከም ቃል የቱ ነው? ብዙዎች «ማቀናጀት»ን ይመርጣሉ። ቃሉ ከእርሻ የመጣ ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው በየተራ ሲያርሱ ተቀናጁ ይባላል። በሬዎቹ እኩል ይጐትታሉ፤ አንዱ ለሌላው መንገድ አይለቅም። ሁለት ነገሮች ተጠምደው አንድ ሥራ ሲሠሩ፣ ለምሳሌ ክፍተት ያለው ቢም ራሱ የአየር መተላለፊያ ሆኖ ሲያገለግል፣ «ቅንጅት» ትክክለኛ ስሙ ነው፤ ለ«ኢንተግሬሽን» ብናቈየው እንወዳለን። «ማጣጣም» የቀረበ ቢሆንም ውጤቱን እንጂ አሠራሩን አይነግረንም። «ማስታረቅ» የሚሉም አሉ፤ እርቅ ግን ከጠብ በኋላ የሚመጣ ነው፤ እኛ የምንሻው ከጠቡ በፊት ያለውን ነው።

የእኛ ሐሳብ «ማናበብ» ነው። ይህንም የምንለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በዛሬው የመሥሪያ ቤት አማርኛ «ተናቦ መሥራት» ማለት አንዱ የሌላውን ሥራ እያየ የራሱን ማስተካከል እንደ ሆነ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለተኛውና ለእኛ የሚበልጠው የግዕዝ ሰዋስው ነው። ሁለት ስሞች ሲናበቡ የፊተኛው መድረሻውን ይለውጣል፤ «ቤት» የነበረው «ቤተ» ይሆንና «ቤተ መንግሥት» እንላለን። የኋለኛው እንደ ነበረ ይቈያል። ማን እንደሚለወጥና ማን እንደሚጸና ሕጉ አስቀድሞ ወስኖታል፤ ሁለቱም ስምነታቸውን ሳያጡ በአንድ ትርጉም ያድራሉ። ቱቦና ቢም የሚገናኙበትን ሁኔታ ከዚህ የቀረበ ሌላ ቃል አላገኘንለትም።

የቋንቋ ምሁራን ተቃውሞ ይታየናል። «ተናባቢ» በድምፅ ጥናት ውስጥ ሥራ ይዟል፤ «አናባቢ»ም እንዲሁ። ንድፎችን የሚያናብበውን ባለሙያ «አናባቢ» ብንለው ሳቅ ማትረፋችን ነው። ስለዚህ ለሥራው «ማናበብ»ን፣ ለውጤቱ «የተናበበ ንድፍ»ን ወስደን፣ ባለሙያውን «የንድፍ አስተባባሪ» ብለን እንተወዋለን፤ እርሱ በእርግጥም የሚሠራው ከሰዎች ጋር ነውና «ማስተባበር» እዚያ ላይ ቦታውን ያገኛል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው «ቢልዲንግ ሰርቪስስ» የሚባለው ነው። በቀጥታ «የሕንፃ አገልግሎት» ተብሎ ሲተረጐም እናያለን። ነገር ግን «የሕንፃው አገልግሎት» ስንል ሕንፃው መኖሪያ፣ ሱቅ ወይም ትምህርት ቤት መሆኑን መግለጻችን ነው። «የመገልገያ መስመሮች» ቢባል ቱቦውንም፣ ሽቦውንም፣ የአየሩንም መንገድ ይይዛል። ቋንቋችን ምሰሶ፣ ማገር፣ ወራጅ ለማለት ቃል አላጣም፤ የጐደለው በእነዚህ መካከል ለሚያልፈው ነው፤ በጥንቱ ቤት ውስጥ የሚያልፍ ነገር አልነበረምና። ፌሮ፣ ቱቦ፣ ሶሌታ ከጣሊያንኛ፣ ቢምና ኮለን ከእንግሊዝኛ መምጣታቸው አያሳፍረንም። ሠራተኛው የሚያውቀውን ቃል መንቀል የእኛ ሥራ አይደለም።

አሜሪካዊው አርክቴክት ሉዊስ ካን ቦታዎችን በሁለት ሲከፍላቸው ያወጣላቸው ስም ግን ለአማርኛ የተመቸ ነው፦ «ተገልጋይ ቦታ» እና «አገልጋይ ቦታ»። በፊላደልፊያ በሠራው የሪቻርድስ የሕክምና ምርምር ቤተ ሙከራ፣ የአየር መውጫና የደረጃ ማማዎችን ከሥራ ክፍሎቹ ውጭ አቆማቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ባለቀው፣ በካሊፎርኒያ ላ ሆያ በሚገኘው የሶልክ ተቋም ደግሞ ከእያንዳንዱ የቤተ ሙከራ ወለል በላይ ሰው ቆሞ የሚሄድበት የቱቦ ፎቅ አለ። ይህን ያስቻሉት መሐንዲሱ ኦገስት ኮመንዳንት የነደፋቸው፣ ሰፋፊ ክፍተት ያላቸው ተሸካሚዎች ናቸው። ከታች ምርምሩ ሳይቋረጥ ከላይ ቱቦው ይጠገናል። ይህን «አስተባበረ» ብለን ብንተረጕም ካን ያደረገው ሁሉ ይጠፋል፤ ቱቦው ቦታውን ያገኘው ሕንፃው ገና ሲታሰብ ነበርና።

በዛሬ ጊዜ ማናበቡ የሚከናወነው በአብዛኛው በኮምፒዩተር በተሠራ የሕንፃ አምሳል ላይ ነው፤ ፕሮግራሙም «ክላሽ» እያለ ይዘረዝራል። ቱቦ በቢም ውስጥ ሲገኝ «ግጭት» ማለት ይበቃል። ነገር ግን ሳይነካኩ ለጥገና የሚያስፈልገው ቦታ ሲጠፋ እንግሊዝኛው «ሶፍት ክላሽ» ስለሚል «ለስላሳ ግጭት» የሚል ትርጉም አጋጥሞናል። ይህ ቃል ለቃል እንጂ ትርጉም አይደለም፤ «ጥበት» ይበቃዋል።

ያልተፈታልን «ስሊቭ» ነው፤ ቱቦ እንዲያልፍበት ከሙሌቱ በፊት በካሳፎርማው ውስጥ የሚቀመጠው ባዶ ቁራጭ። «እጅጌ» ብለው የተረጐሙት አሉ፤ በግንባታ ቦታ ግን እጅጌ የሸሚዝ ነው። «ማሳለፊያ» የሚለው ይሻላል እንላለን፤ ሆኖም ቃሉ ለቀዳዳው ነው ወይስ በቀዳዳው ውስጥ ለሚቀረው ቁራጭ? ሁለቱ በአንድ ስም ከተጠሩ ቀዳዳው ይተውና ቁራጩ ይረሳል፤ ቱቦውም ከኮንክሪቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ለጊዜው ቀዳዳውን «ማለፊያ»፣ ቁራጩን «ማሳለፊያ» ብለን ለይተን ጽፈናል።